በፍሮንትፔጅ የተሠራ ሳይት አለኝ፣ ኮምፒውተሩ ሊሞትብኝ ነው፤ ወደ ምን ልሂድ?

የጁገሉ (ሐረር)፣ ሰኞ ከቀኑ 5:20

ሰላም ለዚህ ቤት። ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ፣ ከአባቴ የወረስኩት ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) አለኝ፤ አራት ክፍሉን ለእንግዳ አከራያለሁ። ሳይታችንን የሠራልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ ጁገል በዩኔስኮ በተመዘገበበት በ1998 ዓ.ም. ክረምት። ያን ሰሞን ፈረንጅ ሊጎርፍ ነው ተብሎ ሁሉም ግድግዳውን ቀለም ሲቀባ ነበር። የሠራበት ፕሮግራም ፍሮንትፔጅ 2003 ይባላል። ልክ እንደ ዎርድ ነው፤ ጽሑፉን እዚያው ነክቼ አስተካክላለሁ፣ ፎቶ አስገባለሁ፣ ከዚያ «ፐብሊሽ» የምትለዋን ተጭኜ ሻዬን እጠጣለሁ። ልጁ በዓመቱ ካናዳ ሲሄድ እንኳ አልተቸገርኩም።

አሁን ግን ያቺ ቁልፍ መሥራት ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። ተጭኜ ተጭኜ ተውኳት። እንግዳ ይደውላል፣ በስልክ እንነጋገራለን፣ ሳይቱ እንዳለ ቆሞ ቀረ። ኮምፒውተሩ (ኤክስፒ ነው፣ እንግዳ መቀበያው ጥግ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል) ሲከፈት ቡና የሚወቀጥ ይመስል ቋ ቋ ማለት ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት እንግዳ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ፤ ፊደሉ ጉንዳን አክሏል፣ የአማርኛው ገጽ ጭራሽ የዶላር ምልክትና ሰረዝ ሆኗል። አፈርኩ።

እንደ ፍሮንትፔጅ ያለ፣ ኮድ የማያስነካ፣ በየወሩ ዶላር አምጣ የማይል ፕሮግራም ዛሬ ምን አለ? ገጹ ስድስት ብቻ ነው፤ ቤቱ፣ ክፍሎቹ፣ ጅቡ፣ በሮቹ፣ አድራሻው፣ አማርኛው።

ከዚራ27 (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ከቀኑ 6:02

ጋሼ፣ ዎርድፕሬስ ያስገቡና ይገላገሉ አቦ። በዓለም ካለው ሳይት ከአሥሩ አራቱ በእሱ ነው የሚሠራው። ቴምፕሌት መርጠው፣ ፎቶ ጨምረው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። የሚያውቀው ልጅም በየሰፈሩ አለ።

የድሮ ታይፒስት (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ከቀኑ 6:40

የፍሮንትፔጅ ወራሽ ኤክስፕሬሽን ዌብ ነው። ያው ማይክሮሶፍት ነው የሠራው፣ መልኩም ይመሳሰላል፣ የድሮውን ፋይል ይከፍታል፣ ነፃ ነው። ለለመደ ሰው ከዚህ የሚቀርብ የለም።

ሳቢያን ማታ (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ከቀኑ 10:15

(ድሬ ነኝ፤ ከ6 እስከ 10 ሰዓት የሚጽፍ ሰው ካያችሁ ኤሲ ያለው ነው።)

ታይፒስት፣ ኤክስፕሬሽን ዌብ ነፃ የሆነው ስለሞተ ነው እኮ። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት አራተኛውን እትም በነፃ ለቀቀና ሌላ እትም አይወጣም አለ። ጋሼን ከአንድ መቃብር አውጥተን ሌላ መቃብር ልናስገባቸው ነው?

ጋሼ፣ እኔ ሳቢያን ሰፈር ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስድስተኛዬ ነው። ቁልፏ ለምን ዝም እንዳለች ልንገርዎት። ፍሮንትፔጅ መጀመሪያ ቨርሚር ቴክኖሎጂስ የሚባል ትንሽ ድርጅት የሠራው ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. በ130 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ቁልፏ እንድትሠራ ሳይቱ ያለበት ሰርቨር (ገጾቹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ኮምፒውተር) ላይ የፍሮንትፔጅ ኤክስቴንሽን የሚባል ተቀጥላ መጫን ነበረበት። ፕሮግራሙ በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲቋረጥ ሰርቨር የሚያከራዩት ሆስቲንግ ቤቶች ያን ተቀጥላ ቀስ በቀስ እየነቀሉ ጣሉት። የእርስዎ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ የሚደውለው ሰው ወደሌለበት ቤት ነው። የጎብኚ ቆጣሪና የመልእክት መላኪያ ፎርም ከነበረዎትም አብረው ሞተዋል። ምናልባት ለዓመታት ቦታ ለመያዝ የጻፈ እንግዳ ነበረ፣ እርስዎ ጋ ግን አልደረሰም።

አሁን ፕሮግራም አይምረጡ። መጀመሪያ ይህን ንገሩኝ፦ ዶሜኑ (የሳይቱ የኢንተርኔት ስም) በማን ስም ነው የተመዘገበው? ሆስቲንጉን ማን ይከፍላል? የሳይቱ ቅጂስ ከዚያ ኮምፒውተር ሌላ የት አለ?

የጁገሉ፣ ሰኞ ከምሽቱ 1:30

ልጄ፣ ፎርሙ ያልሽው ነገር ሆዴን ቆረጠው። አዎ ነበረ። እውነትም ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ በኩል አንድ መልእክት አልመጣልኝም፤ ሰው መጻፍ የተወ ነበር የመሰለኝ።

ዶሜኑን አላውቅም። ሆስቲንጉንም አላውቅም። የእህቴ ልጅ ነው ሁሉን የጨረሰው፣ እኔ ስለማይቋረጥ ነፃ መስሎኝ ነበር። ቅጂ ሌላ የለም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሳየው ፎልደሩ ውስጥ እኔ ያልፈጠርኳቸው ከሰረዝ ቀጥሎ «ቪቲአይ» እያሉ የሚጀምሩ ብዙ ፎልደሮች አሉ። ቫይረስ ይሆኑ? ላጥፋቸው?

ሳቢያን ማታ፣ ሰኞ ከምሽቱ 1:48

ምንም አያጥፉ! ቫይረስ አይደሉም። ቪቲአይ ማለት «ቨርሚር ቴክኖሎጂስ ኢንኮርፖሬትድ» ነው፤ ድርጅቱ ከተሸጠ በኋላም ስሙ እስከ መጨረሻው በየሰዉ ሃርድ ዲስክ ተቀብሮ ቀረ። ኋላ አይጠቅሙዎትም፣ ለጊዜው ግን ይቀመጡ።

እና እባክዎን ኮምፒውተሩን ዛሬ ማታ ያጥፉትና ሁለተኛ አያብሩት። ቋ ቋ የሚል ዲስክ በተከፈተ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል።

ገንደ ቆሬ (ድሬዳዋ)፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:10

የኔን ታሪክ ልጨምር፣ ጋሼን ሊጠቅም ይችላል። የምሠራበት ቢሮ ሳይት በአዶቢ ሚውዝ ነበር የተሠራው። ያኔ ደስ ይል ነበር፤ ገጹን እንደ ፖስተር ትስያለሽ፣ ኮዱን እሱ ይጽፋል። ሰነዱ በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ነው። መጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ሚውዝ ከእንግዲህ አይሻሻልም ተባለ፣ በ2020 መጋቢት ደግሞ ድጋፉ ጨርሶ ቆመ። እኛ አልሰማንም። የሰማነው ሳይቱን የሠራው ልጅ ሥራ ለቆ፣ ላፕቶፑ ከእሱ ጋር ሄዶ፣ የኃላፊያችንን ስም መቀየር ሲያስፈልገን ነው።

አንድ ስም! ሰርቨር ላይ ያለው ኤችቲኤምኤል (ገጹ የተጻፈበት ኮድ) አለ፣ ግን ሚውዝ ኤችቲኤምኤል ያወጣል እንጂ መልሶ አያስገባም። ጤፍ ወደ እንጀራ ይሄዳል፣ እንጀራ ወደ ጤፍ አይመለስም። ዋናው ፋይል በእጃችን ስለሌለ ያን ስም በኖትፓድ እየከፈትኩ በአሥራ አንድ ቦታ ቀየርኩት፤ ሚውዝ የስልክና የኮምፒውተር ገጹን ለየብቻ ስለሠራው በሁለቱም። አንዱን ስቻለሁ፣ እስከ ዛሬ በስልክ ሲከፈት የድሮው ኃላፊ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ምን ይቀላል ብለው አይጠይቁ። የሚመርጡት ነገር ነገ ቢዘጋ ምን ይዘው እንደሚወጡ ይጠይቁ። ከዚያ ምርጫው ይጠብብዎታል። ለምሳሌ እነ ዊክስ (በራሳቸው ሰርቨር ላይ ሳይት የሚያሠሩ ድርጅቶች) የሚያምሩ ናቸው፣ ግን እዚያ የሠሩትን ሳይት ነቅለው ሌላ ሆስቲንግ ላይ መትከል አይችሉም።

ከዚራ27፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3:00

ዎርድፕሬስ እኮ ክፍት ነው፣ ሁሉንም አውጥተህ መሄድ ትችላለህ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ነገ አይዘጋም።

ሳቢያን ማታ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3:25

ልክ ነህ፣ አይዘጋም። የኔ ችግር ሌላ ነው። ዎርድፕሬስ እንደ በግ ነው፣ ጠዋት ማታ ይታያል። ዳታቤዝ አለው፣ ፒኤችፒ አለው፣ ፕለጊን (የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) አለው፣ ሁሉም አፕዴት ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ጋ ከገጠምነው ፕለጊን አንዱን ለወራት ሳናድሰው ቀረን (ጥፋቱ የኛው ነው)፤ ጠዋት ስንከፍተው ሳይቱ የማናውቀው አገር ጫማ ይሸጣል። ጋሼ ዋጋ የሚቀይሩት በዓመት ሁለቴ ነው። ለዓመት ሁለቴ ሥራ በየሳምንቱ የሚጠበቅ ነገር አልሰጣቸውም።

ስድስት ገጽ ተራ ኤችቲኤምኤል ይበቃቸዋል። አንዴ በሥርዓት ልጻፍላቸው፣ ዋጋውን በኖትፓድ ከፍተው ይቀይራሉ። ኖትፓድን ማንም አይዘጋባቸውም።

ገንደ ቆሬ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3:40

አንቺ ለራስሽ ነው የምትመርጪው። ጋሼ «ኮድ የማያስነካ» ብለዋል። አንዲት ምልክት ሳያውቁ ቢያጠፉ ገጹ ይበተናል፣ ከዚያ ሌላ አሥር ዓመት አይነኩትም።

ፐብሊ የሚባል አለ። ነፃ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይጻፍበታል፣ ሲጨርሱ ተራ ኤችቲኤምኤል አውጥቶ በኤፍቲፒ (በፋይል መላኪያ መንገድ) ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩ ላይ ምንም ተቀጥላ አይፈልግም። ለፍሮንትፔጅ ሰው ከዚህ የሚቀርብ አላየሁም፤ ቁልፏ ራሷ አለች። ነገ ፐብሊ ቢቆምም ሳይቱ ባለበት ይሠራል። ሁጎም ያው ሐሳብ ነው፣ ግን ትእዛዝ በጥቁር መስኮት እየተጻፈ ነው፣ እሱን ለጋሼ አልልም።

ታይዋን ተራ (ድሬዳዋ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:05

ሳይት ምን ያደርጋል አቦ? ቴሌግራም ቻናል ይክፈቱ፣ ፌስቡክ ገጽ ይክፈቱ፣ ነፃ ነው። እኔ ስልክ የምሸጠው በቴሌግራም ብቻ ነው።

የጁገሉ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:50

ልጄ፣ ያንተ ደንበኛ ድሬ ነው ያለው፣ የኔ ደንበኛ ሊዮን ወይ ሙኒክ ቁጭ ብሎ «ሐረር ማደሪያ» ብሎ የሚፈልግ ነው። ፌስቡኩን ልጄ ከፍታልኛለች፤ የሚጽፉልኝ በብዛት «ሥራ አለ ወይ» የሚሉ ናቸው።

ስለ ዶላሩ መጀመሪያ ያነሳሁት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በወር አሥር ዶላር የሚባለው ነገር ለኔ ሌላ ነገር ሆኗል። ያኔ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወር ከመቶ አለፈ። ቢኖረኝም የሚከፈልበት ካርድ የለኝም።

የድሮ ታይፒስት፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4:15

ስለ አማርኛው ገጽ ማንም አላነሳም፣ እሱ ደግሞ የኔ ሙያ ነው። ጋሼ፣ የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) ወይም በመሰሉ ነው አይደል? ፎልደሩ ውስጥ ፎንቱ አለ?

የጁገሉ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4:50

ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ማየት አልችልም። ግን አዎ፣ ልጁ «ይህን ካልጫንክ አይታይም» ያለኝ ነገር ነበር።

የድሮ ታይፒስት፣ ረቡዕ ከቀኑ 5:30

በቃ እሱ ነው። ለልጆቹ ላስረዳ፣ ይህን ያላየ ትውልድ መጥቷል። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው። ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ። ስለማይበቃ አንዱ ፎንት ለሁለት ለሦስት ተከፍሎ ይሠራ ነበር። እኛ «ሰላም» ብለን ስንጽፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ላዩ ላይ የግዕዝ ነጠላ ያለብሰዋል። ፎንቱ የሌለው ስልክ ነጠላውን ሲገፍፈው ያቺ እንግዳ ያየችው ዶላርና ሰረዝ ይወጣል።

ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ፊደላችንን በ1999 እ.ኤ.አ. አስገብቶት ነበር፤ ነገር ግን ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የእህትዎ ልጅ አልተሳሳተም፣ በጊዜው የነበረው ያ ነው።

መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ጽሑፉ በሁለት ፎንት ተቀላቅሎ ከሆነ ግማሹን ያበላሹታል፤ «ኝ» እና «ቋ» ዘንድ ሲደርሱ ይንገዳገዳሉ። አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ፎቶ አንስተው ልጅዎ በስልኳ እንደገና ትተይበው። ሃምሳ ገጽ ቢሆን ሌላ ምክር ነበር የምሰጠው።

ሳቢያን ማታ፣ ረቡዕ ከቀኑ 10:40

ታይፒስት፣ ለኤክስፕሬሽን ዌቡ ምሬሃለሁ።

ጋሼ፣ ዶሜኑን ፈልጌ አየሁት። የባለቤቱ ስም ተደብቋል፣ ቀኑ ግን ይታያል። የሚያበቃው ከ38 ቀን በኋላ ነው። ካልታደሰ ሌላ ሰው አንስቶ ሊገዛው ይችላል፣ ያን ጊዜ ፐብሊም ኖትፓድም ዋጋ የላቸውም። ዛሬውኑ ለልጁ ይደውሉ።

የጁገሉ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 1:15

ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ነበር፣ ቀሰቀስኩት። መጀመሪያ የታመመ ሰው ያለ መስሎት ደነገጠ።

ለካ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ዶሜኑንም ሆስቲንጉንም ከኪሱ ሲከፍል ኖሯል። አሥራ ምናምን ዓመት። ለእናቱም ለኔም አልነገረም። ለምን ስለው «ጋሼ፣ አንዳንዴ ቤቱ ሲናፍቀኝ ከፍቼ አየዋለሁ» አለኝ። ምን ልበለው።

የመዘገበበት ኢሜይል ግን የተዘጋ ነው። መግባት የሚችለው ይለፍ ቃሉ አሮጌው ስልኩ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ነው።

ሳቢያን ማታ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 1:32

ከዚያ ስልክ ሳይወጣ፣ አሁኑኑ፣ ኢሜይሉን በሚሠራ ኢሜይል ይቀይረው። ቀጥሎ ለሁለት ዓመት ያድስ። የእርስዎንም ኢሜይል እንደ ሁለተኛ ተጠሪ ያስገባ። ዶሜኑን ወደ ሌላ ድርጅት ላዛውር እንዳይል፤ ባለቤትነት ሲነካ ለ60 ቀን ሊቆለፍ ይችላል፣ አሁን ጊዜ የለንም።

የኤፍቲፒውን ስምና ይለፍ ቃልም ይላክልዎት፣ ፋይልዚላ በሚባል የኤፍቲፒ ፕሮግራም የሰርቨሩን ቅጂ እኔ አወርዳለሁ። ቅዳሜ ከተመቸዎት ሃርድ ዲስኩን ይዘው ይውረዱ።

የጁገሉ፣ እሑድ ከጠዋቱ 3:40

ትናንት ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ ይዤ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ ወረድኩ። ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ «ሳይት ነው» አልኳት፣ ፈቀቅ አለች።

ልጅቷ በአንድ ገመድ ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። ቋ ቋ አለ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ቋ አለ፣ ከዚያ ተከፈተ። ቅጂው 70 ከመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ስለነበረው ቀጠለ፣ ማራገቢያው ግን ቆመ፤ ሁለታችን በዚያ ሙቀት ያቺን አረንጓዴ መስመር እያየን ተቀመጥን። አለቀ። ነደባው (የጌይ ጋር መደብ) ላይ አባቴ የተቀመጠበት ፎቶ በትልቁ መጠን እዚያ ውስጥ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ያለው የጣት ጥፍር የምታክለው ናት፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

ማታውን ዲስኩን እንደገና ሞከርነው። አልተነሳም።

ገንደ ቆሬ፣ እሑድ ከጠዋቱ 4:00

እንኳን ደረሳችሁ። እና ምን ተወሰነ?

ሳቢያን ማታ፣ እሑድ ከቀኑ 10:20

ፐብሊ፣ አሸንፈሻል። የልጃቸው ላፕቶፕ ላይ ጭኜላቸዋለሁ። እኔ አሁንም ኖትፓድ ይሻል ነበር እላለሁ፣ ግን ጋሼ ቁልፏን ሲያዩ ፊታቸው በራ፣ ከዚያ በኋላ ምን ልበል።

የድሮውን ገጽ እንዳለ ለማዳን አልሞከርኩም። ሁሉም ነገር በሰንጠረዥ ተደርድሮ 760 ፒክስል ላይ ተቸንክሯል፣ ለ800 በ600 ስክሪን የተለካ ነው፤ ስልክ ላይ ጉንዳን የሚሆነው ለዚያ ነው። ጽሑፉንና ፎቶውን ብቻ አወጣን። አንድ ነገር ግን ጠብቀናል፦ የጅቡ ገጽ አድራሻ። ያን ገጽ ብዙ የጉዞ ጸሐፊዎች ባለፉት ዓመታት ጠቁመውታል። አዲሱ ፕሮግራም ለገጹ ሌላ አድራሻ ስለሰጠው፣ በድሮው የሚመጣውን ሁሉ ወደ አዲሱ የሚያሻግር መስመር ሰርቨሩ ላይ ጻፍኩ። ሳይት ሲቀየር ሰው የሚረሳው ይህን ነው፣ ከዚያ ጎብኚው የት ገባ ይላል።

ቅጂው አሁን ሦስት ቦታ አለ፤ ላፕቶፑ፣ አንድ ፍላሽ፣ ካናዳ።

የድሮ ታይፒስት፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:30

በስልኬ ከፈትኩት፣ አማርኛው ጥርት ብሏል። «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ላይ «ኳ» ሳትጎድል በማየቴ ደስ ብሎኛል። የአባትዎ ፎቶ ያምራል።

ታይዋን ተራ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:10

ጋሼ እኔም አየሁት፣ አሪፍ ነው። ክፍል በ120 ብር ይላል። ለቅዳሜ ሁለት ክፍል ያዙልኝ፣ ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ።

የጁገሉ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:14

የ2001 ዋጋ ነው፣ ከነጽሑፉ ተገልብጦ መጥቶ ነው። አሁን ቁልፏን ልጫን ነው። እስክጫን አትንቀሳቀስ።